ሙቀት የደበቀውን ብርድ ያወጣዋል፦ የናፍጣ ሞተርን በጽኑ ብርድ ስለማስነሳት

በድሬዳዋ ለሾፌሮች፣ ለጋራዥ ባለሙያዎችና ለአውቶሞቲቭ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር፣ ለንባብ ተስተካክሎ የቀረበ

እንደምን አመሻችሁ። ከሥራ በኋላ፣ ያውም በዚህ ሙቀት፣ ቤታችሁ አረፍ ማለት ስትችሉ እዚህ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። የዛሬው ርዕሳችን በከተማችን ታይቶ የማይታወቅ ነገር ነው፦ ከዜሮ በታች 20፣ 30፣ አንዳንዴም 40 ዲግሪ በሚደርስ ብርድ ውጭ ያደረ የናፍጣ ሞተር ጠዋት እንዴት ይነሳል? የምጠራው ዲግሪ ሁሉ በሴልሺየስ ነው።

ርዕሱን የመረጥኩት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው ግልጽ ነው። ከዚህ ከተማና ከሐረር የወጡ ብዙ ልጆች ዛሬ በሰሜን አሜሪካና በሰሜን አውሮፓ ከባድ መኪና እየነዱ ይኖራሉ፤ ከእናንተም መካከል ነገ የሚሄድ ይኖራል። የደንገጎን ዳገት ጭነት ይዞ መውጣትና መውረድ የለመደ ሾፌር ለየትኛውም መንገድ የሚበቃ ልብ አለው፤ ብርዱን ግን ማንም አላስተማረውም።

ሁለተኛው ምክንያቴ እዚሁ ለምትቀሩት ነው፤ አጥብቄ የማምንበትም እሱን ነው። የድሬዳዋ ሙቀት የሞተርን ጉድለት ይሸፍናል። የደከመ ባትሪ፣ የተቃጠለ ካንዴሌታ (ሲሊንደሩን የሚያሞቀው ትንሽ የኤሌክትሪክ ዘንግ)፣ ያለቀ ፋሻ (በፒስተኑ ዙሪያ አየሩን አጥብቆ የሚይዘው ቀለበት)፣ ውሃ የገባበት ናፍጣ፣ እነዚህ ሁሉ እያሉ መኪናው ጠዋት ጠዋት በአንድ ቁልፍ ይነሳል። ባለቤቱም ሞተሬ ደህና ነው ብሎ ይነዳል። ያው መኪና አንድ ሌሊት ውርጭ ቢያድርበት ግን ለዓመታት የተከማቸው ጉድለት ሁሉ በአንድ ጠዋት ይወጣል። ስለዚህ ከዚህ በታች የምናገረውን የካናዳ ወሬ ብቻ አድርጋችሁ አትስሙት፤ የራሳችሁን መኪና እያሰባችሁ ስሙት።

ከመሠረቱ እንጀምር። የቤንዚን ሞተር ካንዴላ አለው፤ እሳቱን ከኤሌክትሪክ ብልጭታ ያገኛል። የናፍጣ ሞተር ብልጭታ የለውም። ወደ ሲሊንደሩ አየር ብቻ ይስባል፤ ፒስተኑ ያንን አየር እንደ ሞተሩ ዓይነት ከ15 እስከ 22 ጊዜ ወደሚያንስ ቦታ ያምቀዋል፤ አየሩ በመታመቁ ይግላል፤ በዚያች ቅጽበት ኖዝሉ ናፍጣውን አድቅቆ ይረጨዋል፤ ናፍጣውም የጋለውን አየር ሲነካ በራሱ ይቀጣጠላል። እሳቱ የሚመጣው ከጉልበት ነው። ሩዶልፍ ዲዝል የተባለው ጀርመናዊ መሐንዲስ በዚህ መንገድ የሚሠራውን የመጀመሪያ የተሳካ ሞተር አውግስቡርግ ከተማ ውስጥ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1897 ነው። የጅቡቲው ባቡር ደርሶ ድሬዳዋ የተቆረቆረችው በ1902 ስለሆነ ሞተሩ ከከተማችን የሚበልጠው በአምስት ዓመት ብቻ ነው። በ1900 በፓሪስ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ አንድ የናፍጣ ሞተር በኦቾሎኒ ዘይት ሲሠራ ታይቷል። የባቢሌን ለውዝ እየቆረጠመ ላደገ ሰው ደስ የሚል ታሪክ ነው፤ ሆኖም የኦቾሎኒ ዘይት ገና ወደ ዜሮ ዲግሪ ሲጠጋ መርጋት ስለሚጀምር ለዛሬው ጉዳያችን አይሆንም።

አሁን ሰሌዳው ላይ አንድ ስሌት ልሥራ፤ ከዛሬው ንግግር ሌላው ሁሉ ቢረሳችሁ ይህ እንዲቀር እፈልጋለሁ። አየሩን 18 ጊዜ የሚያምቅ ሞተር እንውሰድ። በመታመቅ መሐል የሚባክነውን ሙቀት በመጠኑ ቀንሰን ስናሰላ፣ ድሬዳዋ ላይ በ35 ዲግሪ የገባው አየር ታምቆ ሲያበቃ 460 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። ያው ሞተር ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ የሆነ አየር ሲያስገባ የሚያገኘው 305 ዲግሪ ያህል ነው። ደጅ የነበረው ልዩነት 65 ዲግሪ ነው፤ ሲሊንደሩ ውስጥ ሲደርስ 155 ሆነ። ሞተሩ የሚያምቀው ብርዱንም ጭምር ነውና ደጅ ላይ ያጣነው እያንዳንዱ ዲግሪ ውስጥ ሲገባ ከሁለት በላይ ሆኖ ይቆጠርብናል።

ናፍጣ በራሱ ለመቀጣጠል ከ210 ዲግሪ በላይ ሙቀት ይፈልጋል። ታዲያ 305 አይበቃውም ወይ የሚል ይኖራል። በወረቀት ላይ ይበቃዋል። ነገር ግን ያ ስሌት የሚሠራው ሞተሩ በወጉ ሲዞርና ፋሻዎቹ አየሩን አጥብቀው ሲይዙ ነው። ዘይቱ ወፍሮ፣ ባትሪው ደክሞ፣ ሞተሩ እየተጎተተ ሲዞር የጋለው አየር ሙቀቱን ለቀዝቃዛው ብረት ለማስረከብ ጊዜ ያገኛል፤ ባረጁት ፋሻዎች ዳርም ሾልኮ ይወርዳል። ኪሳራው ከፍ ሲል ያው 305 ዲግሪ ወደ 160 ሊያሽቆለቁል ይችላል። በዚህ ሙቀት ናፍጣ አይነድም። ተረጭቶ፣ ተንኖ፣ ሳይቃጠል በጭስ ማውጫው ነጭ ጭስ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ በብርድ የሚቸግረው የናፍጣ ሞተር አንድ ነገር ብቻ ጎድሎታል፤ ሙቀት። ከዚህ በኋላ የምናገረው ሁሉ ሙቀቱ የት የት እንደሚባክንና እንዴት እንደሚመለስ ነው።

በነገራችን ላይ ጽኑ ብርድ የሌላ አገር ብቻ አይደለም። ባሌ ውስጥ ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ የሚያቋርጠው የሳነቴ አምባ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ አለው፤ በበጋ ሌሊት ከዜሮ በታች ይወርዳል። በዚያ ከፍታ አየሩም ስስ ስለሆነ ታምቆ የሚደርስበት ግፊት ያንሳል። እዚያ ያደረ መኪና ብርዱንም ከፍታውንም አንድ ላይ ይከፍላል።

ወደ ባትሪው ልምጣ። ባትሪ ጉልበቱን የሚያወጣው በኬሚካል ሥራ ነው፤ ኬሚካል ደግሞ ሲበርደው ይዘገያል። ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ፣ ሙሉ የሆነና አዲስ የሆነ ባትሪ እንኳ በሞቃት ቀን ከሚሰጠው ጉልበት ግማሹን አይሰጥም። በዚያው ሰዓት ሞተሩ ለመዞር የሚጠይቀው ጉልበት እጥፍ ሆኗል። ሰጪው ሲደኸይ ጠያቂው ይጨምራል። በብርድ አገር ባትሪ የሚገዛ ሰው ከአምፔር ሰዓቱ በፊት የሚያየው ሌላ ቁጥር አለ፤ የብርድ ማስነሻ አምፔር ይሉታል፤ ባትሪው ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ለ30 ሴኮንድ ሊሰጥ የሚችለው የኤሌክትሪክ መጠን ነው። የናፍጣ ሞተር ከቤንዚን ሞተር ይልቅ ከፍ ያለ ቁጥር ይፈልጋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ባትሪን በእርግጥ የሚጎዳው ሙቀት ነው። የእኛ የግንቦትና የሰኔ ፀሐይ የባትሪውን ውሃ ያተናል፤ ውስጡ ያሉትን የእርሳስ ሳህኖች ቶሎ ያበላሻል። ግን ሞተሩ ሞቃት፣ ዘይቱም ቀጭን ስለሆነ የደከመውም ባትሪ ያስነሳዋል፤ ማንም ጉዳቱን አያውቅም። ብርድ አገር ሲደርስ ግን ያው ባትሪ ሞተሪኖውን፣ ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳውን የኤሌክትሪክ ሞተር፣ አንዴ «ጢቅ» አድርጎ ይተወዋል። ሌሊቱን ያለ ሥራ ያደረ ባትሪ ላይ ቴስተር ብታደርጉ 12.6 ቮልት ካሳየ ሙሉ ነው፤ 12.2 ካሳየ ግማሹ ሄዷል። ይህን ለማየት ብርድ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ነገ ጠዋት እዚሁ ማየት ይቻላል። ባለ 24 ቮልት መኪና ያላችሁ ደግሞ ሁለቱን ባትሪዎች ለየብቻ ለኩ፤ አንዱ ደክሞ ሌላው ደህና ከሆነ ደህናውም ብዙ አይቆይም።

ባዶ የሆነ ባትሪ በብርድ አደገኛ ነው። ሙሉ ባትሪ ውስጥ ያለው አሲድ ከዜሮ በታች 50 ዲግሪ ላይ እንኳ አይረጋም። የተራገፈ ባትሪ ግን ውስጡ ያለው አብዛኛው ውሃ ነው፤ ከዜሮ በታች 7 ወይም 8 ዲግሪ ላይ በረዶ መሆን ይጀምራል። ጎኑ ያበጠ ባትሪ ካያችሁ ከሌላ መኪና ጋር በገመድ አታገናኙት፣ ቻርጅም አታድርጉት፤ ሊፈነዳ ይችላል። አውርዳችሁ ሙቅ ቤት አስገቡት፣ ይቅለጥ፤ ከዚያ መያዣው ተሰንጥቆ እንደሆነ እዩ።

የሞተር ዘይት ነገር አጭር ነው። በእኛ ገበያ የሚዘወተሩት እንደ 20ደብሊው-50 እና 15ደብሊው-40 ያሉት ናቸው። የመጀመሪያው ቁጥር ሲያንስ ዘይቱ በብርድ ይበልጥ ቀጭን ሆኖ ይቆያል። የ20ደብሊው ዘይት በብርድ የሞተር ማስነሻ መለኪያ የሚፈተነው ከዜሮ በታች 15 ላይ ነው፤ 15ደብሊው ከዜሮ በታች 20፣ 10ደብሊው 25፣ 5ደብሊው 30፣ 0ደብሊው ደግሞ 35 ላይ። ከዚያ በታች ለሚወርድ ብርድ አምራቹ ማረጋገጫ አልሰጠም ማለት ነው። ወደ ብርድ አገር የሄደ ሾፌር «ወፍራም ዘይት ለሞተር ይሻላል» የሚለውን የለመደውን ሐሳብ እዚህ ትቶ ይሂድ። የወፈረ ዘይት ሞተሩን ከማክበዱም በላይ ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ወደ ቴስታታው (ወደ ሞተሩ የላይኛው ራስ) እና አየር ገፍቶ ወደሚያስገባው ተርቦ ለመድረስ ይዘገያል፤ በዚያች ጥቂት ጊዜ ብረት ከብረት ይፋተጋል።

አሁን ካንዴሌታ ላይ ረጋ ብዬ ልቆይ፤ በእኛ ጋራዦች ከሁሉም የተናቀው እቃ እሱ ስለሆነ። ካንዴሌታ በየሲሊንደሩ ራስ ላይ የተተከለች ትንሽ የብረት ዘንግ ናት፤ ኤሌክትሪክ ሲገባባት ጫፏ ከ800 ዲግሪ በላይ ትግላለች። በብርድ ጠዋት አየሩ በመታመቅ ያላገኘውን ሙቀት እሷ ታሟላለታለች። የሚረጨው ናፍጣ ከጋለው ጫፍ አጠገብ ሲያልፍ ይቀጣጠላል፣ እሳቱም ወደ ሌላው ይዛመታል።

እዚህ ከተማ ውስጥ አንድ አሮጌ ፒክአፕ ኮፈኑን ስትከፍቱ ምን ታያላችሁ? ካንዴሌታዎቹን በተርታ የሚያገናኘው ጠፍጣፋ ብረት ብዙ ጊዜ የለም። ወይም ወደ እሱ የሚመጣው ወፍራም ሽቦ ተቆርጦ፣ ጫፉ በፕላስተር ተጠቅልሎ ከባትሪው ጎን ታስሯል። ሽቦው ያለበትም መኪና ላይ ከአራቱ ካንዴሌታ ሁለቱ ወይም ሦስቱ ከተቃጠሉ ቆይተዋል። ባለቤቱ አያውቅም፤ መኪናው ይነሳለታላ። ምልክቱ ግን አለ። ጠዋት ሲነሳ ለጥቂት ሴኮንዶች ይንቀጠቀጣል፣ ድምፁ ይሰበራል፣ ትንሽ ነጭ ጭስ ያወጣል፣ ከዚያ ይስተካከላል። ያ መንቀጠቀጥ አንድ ወይም ሁለት ሲሊንደር እሳት እንዳላገኘ የሚናገር ነው። ደንገጎን ወጥቶ ሐረር ላይ ያደረ ዕለት መንቀጠቀጡ ይረዝማል። ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ጨርሶ አይነሳም።

መፈተሻው ቀላል ነው፤ ተማሪዎች፣ ይህን ጻፉት። ጠፍጣፋውን ማገናኛ አንሱና እያንዳንዱን ካንዴሌታ ለየብቻ አድርጉት። የመፈተሻ አምፖሉን አንድ ጫፍ ከባትሪው ፖዘቲቭ ጋር አገናኙ፤ ሌላውን ጫፍ የካንዴሌታውን ራስ አስነኩት። አምፖሉ ከበራ ካንዴሌታው ውስጡ አልተቆረጠም። ካልበራ ሞቷል። በኦም የሚለካ ሰው ደግሞ በአብዛኛው ከሁለት ኦም ያነሰ ቁጥር ያገኛል፤ መለኪያው ምንም ካላነበበ ያ ካንዴሌታ ይቀየር። ስትነቅሉት ሞተሩን አስቀድማችሁ አሙቁት፤ ለዓመታት ያልተነካ ካንዴሌታ በጉልበት ሲነቀል ቴስታታው ውስጥ ተሰብሮ ይቀራል፤ ያኔ የትንሹ እቃ ወጪ ትልቅ ይሆናል።

አንዳንድ የጭነት መኪኖች ካንዴሌታ የላቸውም። በምትኩ አየር ማስገቢያው ላይ የተገጠመ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አላቸው፤ አየሩ ወደ ሲሊንደር ከመግባቱ በፊት በእሱ ውስጥ ያልፋል። ሥራው ያው ሙቀት መጨመር ነው።

ነዳጁ ራሱ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ብርድ አገር የሚሄደውን የእኛን ልጅ ከሁሉ በላይ የሚያስደነግጠውም እሱ ነው። ናፍጣ ውስጥ ሰም አለ፤ ፓራፊን የሚባለው። በሙቀት ሟሙቶ ስለሚኖር አይታይም። ነገሩን በቅቤ አስቡት፦ ድሬዳዋ ላይ እቃው ውስጥ ፈሳሽ ሆኖ የሚውለው ቅቤ ቁልቢ ሲወጣ ይረጋል፤ ቅቤው ያው ነው፣ የተለወጠው ሙቀቱ ነው። ናፍጣም ሲበርደው መጀመሪያ ይደፈርሳል፤ የሰም ቅንጣቶች ይንሳፈፉበታል። ትንሽ ሲጨምር ቅንጣቶቹ የናፍጣ ፊልትሮውን ይደፍናሉ። ከዚያም ሲብስ ሰርባትዮው፣ የናፍጣው ጋን፣ ውስጥ ያለው ሁሉ ይረጋል። ለብርድ ያልተዘጋጀ ናፍጣ መደፍረስ የሚጀምረው ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ወይም ጥቂት ከዚያ ወረድ ብሎ ነው።

ይህ ችግር ብዙ ጊዜ ሞተሩን ጨርሶ እንዳይነሳ አያደርገውም፤ ሰውን የሚያሳስተውም ይህ ነው። ሞተሩ ይነሳል። በመስመሩ ውስጥ የቀረችው ናፍጣ ጥቂት ደቂቃ ታስኬደዋለች። ሾፌሩ ደስ ብሎት አውራ ጎዳናው ላይ ከወጣ በኋላ መኪናው ጉልበት ያጣል፣ ይንገጫገጫል፣ ጸጥ ይላል። ካናዳ፣ አልበርታ ውስጥ በአንድ የከባድ መኪና ጋራዥ ለዓመታት ስሠራ በየብርዱ ወራት ተጎትተው የሚመጡልን መኪኖች ታሪክ አብዛኛው ይህ ነበር። ፊልትሮው ሲፈታ በናፍጣ ፈንታ ወደ ቢጫ የሚያደላ ዝልግልግ ነገር ጥቅጥቅ ብሎ ሞልቶት ይገኛል። ሾፌሩ ሲጠየቅ ሰርባትዮውን የሞላው ቴክሳስ ወይም ሌላ ሞቃት ቦታ ነው። ናፍጣው ጥሩ ናፍጣ ነው፤ የተሠራው ግን ለዚያ አየር ነው።

ብርድ አገሮች ለዚህ መልስ አዘጋጅተዋል፤ ማደያው ራሱ እንደ ወቅቱ ናፍጣውን ይለውጣል። በጀርመን በብርድ ወራት የሚሸጠው ናፍጣ እስከ ዜሮ በታች 20 ዲግሪ ድረስ ፊልትሮ ሳይደፍን እንዲያልፍ ይጠበቃል። በአውሮፓ መለኪያ መሠረት ለዋልታ አካባቢ የሚዘጋጀው የመጨረሻው ደረጃ እስከ ዜሮ በታች 44 ይደርሳል። ስለዚህ ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሾፌር የሞቃት አገሩን ናፍጣ እየጨረሰ፣ ቀዝቃዛው አካባቢ ሲደርስ እዚያ የሚሸጠውን ይሙላ። ሰሙ እንዳይያያዝ የሚያደርግ ፈሳሽም ይሸጣል፤ ግን ናፍጣው ከመደፍረሱ በፊት ነው የሚጨመረው። ከረጋ በኋላ ቢጨመር የረጋውን አያሟሟም።

ላምባ መጨመርስ የሚል ጥያቄ እንደሚመጣ አውቃለሁ። በአገራችን ላምባን ከናፍጣ ቀላቅሎ መሸጥ ማጭበርበር ነው፤ ብዙ የነዳጅ ፖምፓም በልቷል። በብርድ አገር ግን ለላምባ የቀረበ ቀለል ያለ ናፍጣ ከተለመደው ጋር ተቀላቅሎ በግልጽ ይሸጣል፤ ሰሙ አነስተኛ ስለሆነ ቶሎ አይረጋም። ልዩነቱ እዚያ ነዳጅ አቅራቢው የማለስለሻውን መድኃኒት ጨምሮ፣ ለክቶ ማዘጋጀቱ ነው። ላምባ እንደ ናፍጣ አያለሰልስም፤ አዲሶቹ ባለ ከፍተኛ ግፊት ፖምፓዎች ደግሞ የሚለሰልሱት በሚያልፍባቸው ናፍጣ ብቻ ነው። በገዛ እጃችሁ አትቀላቅሉ።

ውሃም አለ። ሰርባትዮው ጎደሎ ሆኖ ሲያድር ውስጡ ያለው እርጥብ አየር ጤዛ ይሆናል፤ ጤዛው ወርዶ ከናፍጣው ሥር ይተኛል። እዚህ ዝገት ብቻ ያመጣል፤ እዚያ በረዶ ሆኖ መስመሩን ይዘጋል። ማታ ሞልቶ ማሳደርና ከፊልትሮው ሥር ያለውን የውሃ ማውጫ አዘውትሮ መክፈት ለሁለቱም አገር ይጠቅማል።

ካልኩት ሁሉ እንደምትረዱት በጽኑ ብርድ ሞተር የሚነሳው ማታ ነው። ጠዋት ቁልፍ ማዞር የመጨረሻው ሥራ ነው። ለዚህም ነው በካናዳዋ ኤድመንተንም ሆነ በፊንላንድ የመኪና ማቆሚያዎች ላይ በየቦታው የኤሌክትሪክ ሶኬት የምታዩት፤ መኪኖቹም ከፊታቸው ሶኬት ላይ የሚሰካ ገመድ ተንጠልጥሎ ይታያል። ገመዱ ሞተሩ ውስጥ ካለች ማሞቂያ ጋር የተያያዘ ነው፤ ማሞቂያዋ የራዲያተሩን ፈሳሽ ታሞቀዋለች፣ ፈሳሹ ብረቱን ያሞቀዋል። አንድሩ ፍሪማን የሚባል የሰሜን ዳኮታ ሰው እ.ኤ.አ. በ1949 የፈጠራ ባለቤትነት ያገኘበት እቃ ነው፤ ለእኔ ከተርቦ የማያንስ ፈጠራ ነው። ሌሊቱን ሙሉ መሰካት አያስፈልግም፤ ከመነሳት በፊት ያሉት ሦስት አራት ሰዓታት ይበቃሉ። ሶኬት በሌለበት ከሰርባትዮው ጥቂት ናፍጣ እየወሰደች የምታነድ ማሞቂያ የሚገጥሙም አሉ።

ጠዋት ደርሷል እንበል። መብራት፣ ራዲዮ፣ ማራገቢያ፣ ኤሌክትሪክ የሚበላ ነገር ሁሉ ይጥፋ። ፍሪሲዮን እስከ ታች ይረገጥ፤ የማርሽ ሳጥኑ ዘይትም ወፍሯልና ሞተሪኖው እሱን እንዳይጎትት። ቁልፉን የካንዴሌታው ምልክት እስኪበራ አዙሩና ምልክቱ እስኪጠፋ ታገሡ። ብርዱ በጣም ከጸና ቁልፉን መልሳችሁ ይህንኑ ሁለት ሦስት ጊዜ ድገሙት። ከዚያ አስነሱ፤ ከ10 ወይም 15 ሴኮንድ በላይ አታዙሩ። ካልተነሳ ሁለት ደቂቃ ጠብቁ፤ ሞተሪኖው ይቀዝቅዝ፣ ባትሪውም ያገግም። ደጋግሞ ያለ ዕረፍት ማዞር ሞተሪኖውን ያቃጥላል።

በዚህ ጊዜ ረዳቱ ከኋላ ቆሞ ጭስ ማውጫውን ይይ። ነጭ ጭስ እየወጣ ከሆነ ናፍጣው እየደረሰ ነው፤ የጎደለው ሙቀት ነው፤ ካንዴሌታውን፣ ባትሪውን፣ የሞተሩን አዟዟር ተመልከቱ። ምንም ጭስ ከሌለ ናፍጣው አልደረሰም፤ ካንዴሌታ መፈተሽ ከንቱ ነው፤ ወደ ፊልትሮውና ወደ መስመሩ ሂዱ። ይህች አንዲት ምልከታ የብዙ ሰዓት ሥራ ታድናለች፤ ድሬዳዋም ላይ ትሠራለች።

ኤተር ያለበትን የማስነሻ ስፕሬይ በአየር ማስገቢያው የሚነፉ፣ ወይም ቤንዚን የነካ ጨርቅ የሚያስጠጉ አሉ። እባካችሁ ተዉት። ኤተር ገና ፒስተኑ ወደ ላይ እየወጣ ሳለ ይፈነዳል፤ ፋሻ ይሰብራል። ካንዴሌታው ወይም የአየር ማሞቂያው ግሎ ሳለ ከተነፋ ደግሞ እሳቱ በማስገቢያው በኩል ወደ ሰው ፊት ይወጣል። ከሞተሩ ሥር እሳት ማንደድም እንዲሁ ነው፤ የነዳጅ ቱቦ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦና የፈሰሰ ዘይት ያለበት ቦታ ነው። መግፋትም ብዙ አይረዳም፤ ሞተሩ የጎደለው ሙቀት ስለሆነ መዞሩ ብቻ አይበቃውም፣ ጎማውም በረዶ ላይ ይንሸራተታል።

ሲነሳ ነዳጅ አትስጡት። የዘይት ምልክቱ እስኪጠፋና ድምፁ እስኪረጋ ጥቂት ጠብቃችሁ ቀስ ብላችሁ ንዱ። ቆሞ መሥራት የናፍጣ ሞተርን አያሞቀውም፤ የሚያሞቀው ሥራ ነው።

ስለ ራዲያተር ውሃ አንድ ቃል። እዚህ ንጹሕ ውሃ ብቻ መሙላት ልማድ ነው። ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ በ9 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ በአንድ ሌሊት የሞተሩን ብረት ይሰነጥቃል። እኩል ለእኩል ከግላይኮል (ውሃው እንዳይረጋ ከሚጨመረው ፈሳሽ) ጋር የተቀላቀለ ውሃ እስከ ዜሮ በታች 37 ዲግሪ ይቋቋማል። የሚገርመው ግላይኮሉ ብቻውን ቢሞላ ገና ከዜሮ በታች 13 ዲግሪ ገደማ ላይ ይረጋል፤ ስለዚህ አብዝቶ ማድረግ ጥቅም የለውም። ያው ድብልቅ የመፍላት ነጥቡን ከፍ ያደርጋል፣ ዝገትም ይከላከላል። ደንገጎን በቀን ፀሐይ ጭነት ይዞ ለሚወጣ መኪና ከብርድ አገሩ መኪና ባላነሰ ያስፈልገዋል።

ጥያቄዎች ነበሩ። አንድ ወጣት መካኒክ፣ አዲሶቹ መኪኖች ጭሱን ለማጽዳት የሚጠቀሙት ፈሳሽ በረዶ ቢሆን ሞተሩ ይነሳል ወይ ብሎ ጠየቀ። አዎ፣ ይነሳል። ፈሳሹ ከዜሮ በታች 11 ዲግሪ ላይ ይረጋል፤ አምራቾቹ ይህን ስለሚያውቁ ጋኑ ላይ ማሞቂያ አድርገዋል፤ መኪናው እየሄደ ይቀልጣል። ምንም ነገር አትጨምሩበት።

አንዲት እናት ደግሞ ልጃቸው ሚኒሶታ ውስጥ ከባድ መኪና እንደሚነዳ፣ በብርድ ሌሊት ሞተሩን ሳያጠፋ ጋቢናው ውስጥ እንደሚተኛ ነግረውኝ፣ ይህ ደህና ነው ወይ አሉኝ። እናቴ፣ ጥያቄዎ ከሁሉም የሚበልጥ ነው። ሞተሩን ሳያጠፉ ማደር በእጅግ ብርዳም ቦታ የኖረ ልማድ ነው፤ ሞተሩን ግን ይጎዳል፣ ናፍጣ ይበላል፣ በሕግ የከለከሉትም ከተሞችና ክፍላተ ሀገራት አሉ። ጋቢናውን ብቻ የምታሞቅ ትንሽ የናፍጣ ማሞቂያ ቢኖረው ሞተሩን አጥፍቶ መተኛት ይችላል። እስኪያስገጥም ድረስ ግን ሁለት ነገር ይንገሩልኝ። ከመተኛቱ በፊት ወርዶ ጭስ ማውጫው አካባቢ በረዶ እንዳልተከመረ ይይ፤ ከተከመረ ጭሱ ወደ ጋቢናው ይመለሳል። ሁለተኛ፣ ሽታ የሌለውን መርዛማ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድን፣ ለይታ የምትጮህ መሣሪያ ገዝቶ ከራስጌው ያድርግ። ዋጋዋ ትንሽ ነው፤ ባትሪዋን በየጊዜው ይቀይርላት።